ለአንድ የፈትል ዜማ ወደ ወላይታ ሶዶ

በዚህ ጉዞ ውስጥ የነበርነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው እኔ ሽፈራው ነኝ፤ በደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ፣ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ፣ ፊደልን ከአንድ ዲያቆን፣ ንባብን ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ የተማርኩ። ሁለተኛው ተክሌ ነው፤ የሟች ባለቤቴ የአስካለ ታናሽ ወንድም፣ በግ ነጋዴ፣ አፉ የማያርፍ። ሦስተኛዋ ልጄ ጽጌ ናት፤ በወላይታ ሶዶ መምህርት። አራተኛው አቶ ማጆ፣ «የጓሮ ዜማ» የሚባለውን የሙዚቃ ቲያትር ማኅበር ያቋቋሙ ሰው። አምስተኛዋ እማማ ማርታ፣ የጽጌ ቤት አከራይና የማኅበሩ ሽማግሌ። ስድስተኛው ባለሱቁ አቶ ኑሪ። በሕይወት የሌሉ፣ ግን ከሁላችን በላይ በጉዞው ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎችም አሉ፤ አስካለ፣ እና በሰባት ዓመቱ የሞተው ልጃችን ዳዊት።

ነገሩ የተጀመረው ከሚሊኒየሙ ማግስት፣ በመስቀል ሰሞን በመጣ ስልክ ነው። ጽጌ ቲያትር ጽፋለች። እናቷ ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉረው የነበረውን ዜማ አስገብታበታለች። በማኅበሩ ደንብ ግን የአንድ ቤት ዜማ መድረክ የሚወጣው የዚያ ቤት ታላቅ ሰው ራሱ ተቀምጦ ሰምቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው። አስካለ የዚያን ዜማ ቃል ያወጣችው ዳዊትን በቀበርንበት ዓመት ነበር። እኔ ደግሞ ሐዘን ለእግዚአብሔር የሚነገር እንጂ ለጭብጨባ የሚቀርብ አይደለም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። በስልኩ «አይሆንም» አልኳት።

«በስልክ አይቻልም አባባ» አለችኝ። «መከልከልም ቢሆን መጥተህ፣ ቁጭ ብለህ ነው።»

ስለዚህ ልከለክል ተነሣሁ። ተክሌ «የእህቴ ዜማ ነው፤ እኔም አለሁበት» ብሎ ተከተለኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን፤ ተክሌ ዘመድ ቤት አደርን። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንደርስ የሶዶው ቅጥቅጥ ግማሹን ሞልቶ ነበር። ሻንጣችንን ጣሪያ ላይ ጫኑት። በሻንጣው ውስጥ ለጽጌ የያዝኩላት ጋቢና ዳቦ ቆሎ ስለነበር ገመዱን ራሴ ወጥቼ አጠበቅሁት። ሰው በገዛ እጁ ያላሠረው መፈታቱን አያውቅም።

ከቡታጅራ በኋላ አገሩ ተለወጠብኝ። የእኛ አገር በጥቅምት ገብሱ ቢጫ ይሆናል፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፣ ዓይን እስከ ሩቅ ተራራ ድረስ የሚከለክለው የለም። እዚያ ግን በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል፤ ቅጠሉ ከጣሪያው ይበልጣል፤ ቤቱ የሚታየው በቅጠሉ መካከል አጮልቆ ነው። ድንጋይ ካብ ፈልጌ አጣሁ። መሬቱ ቀይ ነው፤ የሕፃናቱ እግር፣ የላሞቹ ሆድ፣ የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ያንኑ ቀለም ይዟል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሰው ከተራበ የሚጠየቅ ነገር አለ ብዬ ለተክሌ ነገርኩት። እሱ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት በያዘቻቸው ዶሮዎች ዋጋ ይከራከር ስለነበር አልሰማኝም።

ሆሳዕና ከተማ ሽሮ በልተን አለፍን። አረካ ስንደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ወላይታ ገብቶ ሥጋ ሳይቀምሱ ማለፍ ኃጢአት ነው» አለ ተክሌ።

«ኃጢአቱን ካህን ይወስነዋል። አንተ ጎማውን ጠብቅ።»

«ጎማውን ረዳቱ ይጠብቀው የለም እንዴ? እኔ የጎማ ዘመድ ነኝ?»

ወደ ሥጋ ቤቱ ገባ። ልመልሰው የተከተልኩት እኔም ተቀመጥኩ። ሐሰት አልጽፍም፤ የመንዝን በግ የሚያህል የለም እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ እዚያ የበላሁት ጥሬ የበሬ ሥጋ አፌን ዘጋው። ማባያው ዳጣ ይባላል፤ ቃሪያና ዝንጅብል ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። ተክሌ በማንኪያ ጎረሰውና እንባውን በሁለት እጁ ይጠርግ ጀመር። ባለሥጋ ቤቱ «ማነው የሞተብህ?» ሲለው ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ስንወጣ አውቶቡሱ የለም። ሁለት ሰዎች በእኛ ቦታ ተሳፍረው ረዳቱ ሞልቷል ብሎ ሄዷል፤ ሻንጣችንም አብሮ ሄዷል። ምላስ የሚመራው እግር እንዲህ ነው የሚቀጣው።

በሚኒባስ ተከትለን ሶዶ ደረስን። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ተሸካሚ ገና ሳንጠይቀው «አረካ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ ወደ አንድ የቆርቆሮ ሱቅ መራን። ባለሱቁ አቶ ኑሪ አባቱ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ የቀረ ነጋዴ ነው። ረዳቱ ሻንጣውን ሰጥቶት አልፏል፤ እሱም የሱቁን መዝጊያ ሰዓት አሳልፎ ሲጠብቀን ቆይቷል። ብር ባወጣ እጄን መለሰው።

«አደራ ነው፤ አደራ ዋጋ የለውም» አለ፤ አገሬንና ሥራዬን ጠይቆም፣ «ደብረ ብርሃን ስመጣ ኮት ትሰፋልኛለህ።»

የሃያ ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ነጋዴ እንዲህ ያደርግልኝ እንደሆነ አሰብኩ። መልሱን ለራሴ ያዝኩት።

አቶ ኑሪ ባጃጅ ጠራልን። ወዴት እንደምንሄድ ለባለባጃጁ የነገርነው መሰለን፤ አልነገርነውም ኖሯል፤ እሱም አልጠየቀን። ወስዶ ኦቶና፣ ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ አወረደን።

«ምን ልናደርግ?» አልኩት።

«ልትታከሙ ነዋ፣ አባቴ። ሁለት ሽማግሌ ሰው ሻንጣ ይዞ ሲመጣ ሌላ የት ይሄዳል?»

«እኔ ሽማግሌ?» አለ ተክሌ፤ ከሆስፒታሉ በር ይልቅ የቆጨው ይኼ ነው።

ልጁ ተሳስቻለሁ ብሎ የመመለሻውን ሳያስከፍል መናኸሪያው አካባቢ ካለ ሆቴል አደረሰን። ልጄን ሳላስቸግር ልደር ብዬ ነበር ሆቴል የመረጥኩት። ግድግዳው ኮምፖንሳቶ ነው፤ የጎረቤቴን ማንኮራፋት ከራሴ ለመለየት ተቸገርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጽጌ ከእማማ ማርታ ጋር መጣች። እማማ ማርታ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን እንደ ዳኛ የሚለብሱ ሴት ናቸው። የቤታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ነው፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርጎ ይጠራል።

«ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፤ ሰላም ማለት ነው። ቀጥለውም «ልጁ ቤት አለው፣ አባቱ ሆቴል ያድራል። ሰፈር ምን ይላል? ጽጌ አባቱን አስወጣ ይላል» አሉኝ።

ሻንጣዬን ራሳቸው አንጠልጥለው ወጡ። እኔም ተከተልኩ። የአገር ልማድ የሚያዝዘው ሰው ፊት ክርክር ከንቱ ነው።

ቤታቸው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ዳገት ላይ ነው። ጽጌ ሥራ ሄዳ ሳለ እማማ ማርታ ከጓሯቸው ጎዳሬ የሚባለውን ሥራሥር ቆፍረው፣ ቀቅለው በዳጣ አቀረቡልን፤ ረቡዕ ስለሆነ እሳቸውም ጿሚ ናቸው። ተክሌ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው።

«እማማ፣ ይሄ ድንች ነው ወይስ የድንች አያት?»

«ብላ። አያት ይከበራል።»

ሐሙስ የማኅበሩ ግቢ ሄድን። ቀበሌው የሰጣቸው አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። መድረኩ ከሰሊጥ ሣጥን የተሠራ፣ መጋረጃው ከአራት የተለያየ ጨርቅ የተቀጠለ ነው። ስፌቱን በእጄ ፈተንኩት፤ ቀጥ ያለ ነበር። አቶ ማጆ የሚባሉት መሥራቹ አጭር ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ጣታቸው ጉልበታቸውን ከበሮ ያደርገዋል። በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ከበሮ ይመቱ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ መሣሪያው መጋዘን ተቆለፈበት። በአዲሱ ዘመን ሰው በገዛ ቋንቋው መድረክ ላይ እንዲዘፍን ሲፈቀድ እሳቸውና ጥቂት ጓደኞቻቸው ከየቤታቸው ገንዘብ አዋጥተው ጀመሩ።

«ስሙ የጓሮ ዜማ የሆነው ለምንድነው?» አልኳቸው።

«እኛ ምግባችንን ከጓሮ ነው የምናወጣው፣ ጋሼ። ዘፈኑም እዚያው ነው ያለው። ሴት እንሰት ስትፍቅ፣ ሰው ሲቆፍር፣ ልጅ ሲያባብሉ። ማንም ካልሰበሰበው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።»

ሥራቸው ይኼ ነው። በየመንደሩ ይሄዳሉ፣ የቤት ዜማ ይሰማሉ፣ ቲያትር ያደርጉታል፣ መልሰው እዚያው መንደር ያሳዩታል። ከተማ ውስጥ በብር ያስገባሉ፤ ገጠር ግን መግቢያው ስኳር ድንች ነው። ሰው አንድ አንድ ይዞ ይመጣል፤ ድንቹ ተሸጦ ነዳጅ ይሆናል። ትርፍ የሚካፈል የለም። ከተዋናዮቹ አንዱ ግንበኛ፣ አንዷ ነርስ፣ ብዙዎቹ መምህራን ናቸው። ማታ ማታ ልምምድ ያደርጋሉ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢጀመር በሁለተኛው ዓመት ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ይካሰሳሉ።

ደንቡ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ እዚያው ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነው። ማኅበሩ ገና ጀማሪ ሳለ ቤሌ ወደምትባል የቆላ ከተማ ሄደው፣ አንዲት ሴት ለባሏ ያለቀሰችበትን ዜማ ሰው ሲያንጎራጉር ሰምተው ሳይጠይቁ ቲያትር አደረጉት። ቤሌ ገበያ ላይ ሲያሳዩት ሴትዮዋ ከነዘመዶቿ ተመልካቹ መካከል ነበረች። ዜማው ሲጀመር ዘመዶቿ ተነሡ፣ ደረት መምታት ጀመሩ። ገበያተኛው ቅርጫቱን ጥሎ ተከተለ። ቲያትሩ እውነተኛ ለቅሶ ሆነ።

«አስከሬን የሆንኩት እኔ ነበርኩ» አሉ አቶ ማጆ። «ልነሣ ስል አንድ ሽማግሌ በዱላው ደረቴን ተጫነኝ። ተለቅሶለት የተነሣ ሬሳ የለም አለኝ። ገበያው እስኪበተን ተኛሁ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲሄድ፣ ጋሼ፣ ያን ቀን ነው ቲያትር የተማርኩት።»

ሽማግሎች በሬ ፈረዱባቸው። ሴትዮዋ ግን በሬውን አልፈልግም አለች። ዜማዬን መልሱልኝ አለች። እንዴት ይመለሳል ሲሏት አቁማቸው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ ዘፈነችላቸውና «አሁን ወሰድኩት፤ ከእንግዲህ በአፋችሁ እንዳይገኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዘፍነውት አያውቁም። ሴትዮዋ እማማ ማርታ ናቸው። ኋላ ወደ ሶዶ ሲዛወሩ ማኅበሩ ደጃቸው ሄዶ ለመናቸው፤ እነሆ እስከ ዛሬ ሽማግሌያቸው ናቸው። የበደሉትን ሰው ፈራጅ አድርጎ የሚሾም ማኅበር በዕድሜዬ አላየሁም። አድናቆቴን አልደበቅኩም፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

አርብ ጠዋት የማኅበሩ ጉባኤ ተሰበሰበ። ከፊት ለፊት ለእኔና ለተክሌ ወንበር አደረጉ። በስተቀኝ የቀርከሃ መለከት የያዙ ሰዎች ተደረደሩ። ያ መለከት እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው እንደ ጎደለ ጥርስ ያስታውቃል። አንዱ ቀርከሃ ገና አረንጓዴ ነበር። በአስካለ ዜማ ውስጥ ያለ አንድ ድምፅ በእነሱ መለከት ስላልነበረ አዲስ መቁረጣቸውን ነገሩኝ።

«ካልፈቀድኩስ ምን ይሆናል?» ብዬ ባለመለከቱን ጠየቅሁት።

«አጥር ይሆናል» አለኝ፣ ሳይከፋው።

የጽጌ ቲያትር በእንሰት ድንበር ስለተጣሉ ሁለት ጎረቤት ሴቶች ነው። አንዷ የወላይታ፣ አንዷ ከደጋ የመጣች። የደጋዋ ልጇ ይሞታል፤ ማንም ሳይጠራት ብቻዋን እየፈተለች ስታንጎራጉር የወላይታዋ በአጥሩ በኩል ትሰማና በራሷ ቋንቋ ትመልስላታለች። መካከሉ ያ ዜማ ነው። ዜማው ከወጣ ቲያትሩ የለም። ጽጌ ይህን ስትናገር ወደ እኔ አላየችም። ለሁለት ዓመት የለፋችበት ነው።

እማማ ማርታ ጠየቁኝ። ተነሥቼ አልፈቅድም አልኩ፤ ምክንያቴንም ከላይ እንደጻፍኩት ተናገርኩ።

ተክሌ ተነሣ። «እኔ እፈቅዳለሁ። ዜማው ከአባታችን ቤት የወጣ ነው፤ እናቴም በዚሁ ነበር የምትፈትለው። ቃሉ ግን ጋሼ ሽፈራው ቤት የተጨመረ ነው። ስለዚህ ዜማውን ፈቅጃለሁ፤ በቃሉ እሱ ይከራከር።»

«ዜማ ያለ ቃል እንዴት ይዘፈናል?» አልኩት።

«እንደ አንተ ነዋ። ዝም ብሎ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ማርታ አልሳቁም።

«ሁለት ታላቅ ሰው ካለ፣ አንዱ አይሆንም ካለ፣ አይሆንም ነው» አሉ። «አቶ ሽፈራው፣ ዜማህን ውሰድ። ግን ወሳጅ የሚወስደውን ያሰማል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ዝፈን። ከዚያ እኛ እንረሳለን።»

ቆምኩ። ዘፍኜ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደምንም አልኩት።

«እፈትላለሁ ጥጥ አባዝቼ፣
ማን ይለብሰዋል አንተን አጥቼ።»

ሁለተኛውንም አልኩ። ሦስተኛው ላይ ቃሉ አጠረኝ። አስካለ የምታንጎራጉረው እኔ ሱቅ ስሆን ነበር፤ ማታ ስገባ ታቆማለች። ከበር የሰማሁትን ያህል ነበር የማውቀው፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

«መጨረሻውን አላውቀውም» አልኩ።

ተክሌን አየሁት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። የምታውቀው ጽጌ ብቻ ነበረች፤ ልጅ ሆና ከእናቷ እግር ሥር ጥጥ ስታባዝት የሰማችው ነው። እማማ ማርታ በአገጫቸው አመለከቷት። ቆማ ዘፈነችው።

«ድንጋይ ነው ይሉታል ዓይኑ አላለቀሰ፣
ሲሰፋ አየሁት ክሩን በእንባ እያራሰ።»

ልብስ ሰፊ ክር መርፌ ውስጥ ለመክተት ጫፉን በምራቁ ያርሳል። ዳዊትን በቀበርን ሳምንት ሱቄን ከፍቼ ነበር፤ የሰው አደራ ልብስ ነበረብኝ፤ በአገራችን ብዙ ተባለ። ሱቁ ከቤታችን ጋር በአንዲት መስኮት ይገናኝ ነበር። በዚያች መስኮት ማን እንደሚያይ አላሰብኩም። ስለዚህ ነገር አስካለ በሕይወቷ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

«ትወስደዋለህ ወይ?» አሉ እማማ ማርታ።

«የሌለኝን እንዴት እወስዳለሁ?» አልኩ። «ይዘፈን። የመጨረሻውን ብቻ ተዉት።»

«ሙሉ ነው ወይም የለም።»

ጽጌ «እኔም ያለሱ አልዘፍነውም አባባ» አለች፤ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። ያንን አመለካከት ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ። ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ። ተክሌ ትከሻዬን በእጁ መታ፣ ያን ዕለት ሌላ ቀልድ አልተናገረም።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ቤሌ ወረድን፤ ሰውም፣ ሣጥኑም፣ ጄኔሬተሩም፣ መለከቱም አንድ ላይ። መንገዱ ያንገላታል፤ ሙቀቱ ለእኔ ለደገኛው ሰው እንደ ካውያ ነበር። ገበያው ሜዳ ላይ ሰው ስኳር ድንቹን ቅርጫት ውስጥ እየጣለ ገባ። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። አጠገቤ የተቀመጠው የቤሌ ገበሬ አማርኛ ጥቂት ይችላል፤ ለጎረቤቶቹ ይተረጉምላቸው ነበር።

ተዋናዮቹ በጣም ጥሩ ነበሩ። የወላይታዋ ሴት ስትመልስ ቃሉ አልገባኝም፤ ያላት ግን ገባኝ። አረንጓዴው ቀርከሃ በቦታው ሲነፋ የሰማሁት አስካለ እንዝርቷን ስታሾር የምትስበው ትንፋሽ ነበር። ጽጌ የመጨረሻውን ስትዘፍን ሰውየው በክርኑ ነካኝ።

«ድንጋይ የሚለው ሰውዬ ማነው?»

ሐሰት ልነግረው እችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ለጎረቤቱ ነገረው፤ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው። ነገሩ በረድፉ ሲሄድ አየሁት፤ አንድ በአንድ ዞረው ተመለከቱኝ። ቲያትሩ ሲያልቅ እጨበጭባለሁ ብዬ ስነሣ ሰውየው «ቁጭ በል» አለኝ። ሰዎቹ ተሰልፈው መጡ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። እያንዳንዱ እጄን ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፣ ወይም በቋንቋው እንዲያ የሚመስል ነገር ይላል፤ አንዲት ሴትም ልጁ ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሰባት አልኳት። በእግሬ ሥር በተነጠፈው ነጠላ ላይ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው፣ ብርና ሳንቲም ጣሉ። አልቀበልም ልል ስል እማማ ማርታ ከኋላዬ «የለቅሶ ገንዘብ አይመለስም» አሉኝ። በአገሬ ያልደረሰልኝ ለቅሶ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰው በማያውቀኝ ገበያ ደረሰልኝ።

እሑድ ተሰናበትን። እማማ ማርታ ለመንገድ ቆጮ ጠቅልለው ሰጡን። ሰኞ ማታ ደብረ ብርሃን ገባን፤ ብርዱ በር ላይ ተቀበለን። የቤሌን ገንዘብ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ በዳዊት ስም ሰጠሁ።

ጎረቤቶቼ ሁሉ ስንት ፈጀባችሁ እያሉ ስለሚጠይቁኝ ልጻፈው። እኔ ለመንገድ፣ ለሆቴልና ለጥቃቅኑ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር አወጣሁ። ተክሌ ሥጋውን ጨምሮ ሦስት መቶ አሥር። ጽጌ እኛን ለማስተናገድ ከደመወዟ አንድ መቶ ሃያ። ማኅበሩ ለመኪናና ለነዳጅ ዘጠኝ መቶ። የቤሌ ሰዎች በነጠላው ላይ ሰባ ሦስት ብር። ሁሉም ሲደመር አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ሦስት ብር ነው።